ከካቸሯ ጀርባ ለሚቆም ዳኛ፦ የሶፍትቦል መከላከያ አለባበስ ከካልሲ እስከ ማስክ

ማርች ገብቶ የትምህርት ቤት ሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰሉ ጨዋታ) ሊጀመር ሲል ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደረደራል። «ዘንድሮ ልዳኝ ተመዝግቤያለሁ፤ ፕሌት (መቺዋ አጠገቡ የምትቆመው ነጭ ሰሌዳ) ላይ ስቆም ምን ልልበስ?» የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ የእኛ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ልጁ ስለምትጫወት ሜዳ መዋል ለምዶ የገባበት ነው። ሌላው ቅዳሜና እሁድን በሥራ ማሳለፍ ፈልጎ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም አይቀርም፤ «ካቸሯ (ከመቺዋ ጀርባ ኳስ የምትቀልበዋ) ፊቴ ተቀምጣ እያለች ይህ ሁሉ ዕቃ ምን ያደርግልኛል?»

ለእያንዳንዱ በስልክ ሳስረዳ አንዱን ስናገር ሌላው ይረሳኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጻፍኩት። የምናገረው ስለ ፋስትፒች፣ ኳሱ በፍጥነት ስለሚወረወርበት ጨዋታ ነው። ስሎውፒች (ቀስ ብሎ የሚወረወርበትን) የምትዳኙም ብትሆኑ ማስኩን አትተዉ፤ እዚያም ኳስ ከባት (ከመምቻው ዱላ) ጫፍ ተፈናጥሮ ወደ ኋላ ይመጣል።

ኳሱ ወደ እናንተ የሚመጣባቸው መንገዶች

ስሙ «ሶፍት» ይባል እንጂ ኳሱ ድንጋይ ነው። ዙሪያው 12 ኢንች፣ ክብደቱ ከ200 ግራም ትንሽ ያነሰ ነው። በሃይስኩል ፒቸሯ (ኳስ ወርዋሪዋ) የምትወረውረው ከ43 ጫማ ላይ ነው፤ 13 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በሰዓት 60 ማይል የምትወረውር ልጅ ካጋጠመቻችሁ ኳሱ ከእጇ ወጥቶ ፕሌት እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። አይቶ መሸሽ የሚባል ነገር የለም።

ኳሱ በሦስት መንገድ ያገኛችኋል። አንደኛው ባቱን ነክቶ አቅጣጫውን ሲቀይር ነው። የካቸሯ ጓንት የጠበቀው ሌላ ቦታ ስለሆነ ቀጥታ ማስካችሁ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ራይዝ ቦል ነው፤ ካቸሯ ከገመተችው በላይ ከፍ ብሎ ይመጣና በጓንቷ አናት አልፎ ወደ ጉሮሮና ወደ ትከሻ ይሄዳል። ሦስተኛው ድሮፕ ቦል ነው። መሬት ነጥሮ እግር ጣት፣ ቅልጥም ወይም ክንድ ይመታል።

አንድ ነገር ልጨምር። «የትንንሾቹ ጨዋታ ነው» ብላችሁ መከላከያ እንዳትቀንሱ። ከ10 ዓመት በታች ያሉት ከ35 ጫማ ላይ ነው የሚወረውሩት፤ ኳሱም ቀስ ይላል። ነገር ግን ካቸሯ ገና ልጅ ናት። ኳሱ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ጓንቷን ትሰበስባለች። እኔ በሰውነቴ ላይ ብዙ ኳስ ያረፈብኝ በሃይስኩል ሳይሆን በእነዚህ ጨዋታዎች ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ማስክ ወይም ሙሉ ሄልሜት
- ከማስኩ ሥር የሚንጠለጠል የጉሮሮ መከላከያ (አንዳንዱ ማስክ አብሮት የተሠራ አለው)
- ከሸሚዝ ሥር የሚለበስ የደረት መከላከያ
- የዳኛ ሺን ጋርድ፣ ከጉልበት እስከ እግር ጀርባ የሚሸፍን
- የብልት መከላከያ ካፕ፤ ለሴት ዳኞች ለሴት የተሠራው የዳሌ መከላከያ
- የብረት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ አፍንጫ ያለው የፕሌት ጫማ
- ሰፋ ያለ የፕሌት ሱሪ፣ ቀበቶ፣ ከለመዳችሁት አንድ ቁጥር ከፍ ያለ የዳኛ ሸሚዝ
- ረጅም ካልሲና ላብ የሚያደርቅ የውስጥ ልብስ
- ምላሷ (ከፊት የምትወጣው ጥላ) አጭር የሆነች የፕሌት ኮፍያ
- ሁለት የኳስ ከረጢት፣ ብሩሽ፣ የኳስና የስትራይክ (የተበላሹና የጸደቁ ውርወራዎች) መቁጠሪያ
- ብዙ ውኃና ትርፍ የውስጥ ሸሚዝ

የሸሚዝና የሱሪ ቀለም፣ እንዲሁም ግዴታ የሆኑት ዕቃዎች እንደምትዳኙበት ደንብ ይለያያሉ። የሃይስኩሉ የኤንኤፍኤችኤስ (የሃይስኩል ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን)፣ የክለቡ የዩኤስኤ ሶፍትቦል ወይም የሌላ ድርጅት ደንብ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጨዋታ የሚመድብላችሁን ሰው ጠይቁት።

ገንዘብ ካጠራችሁ ሸሚዝና ሱሪ ተዋሱ። ጫማም ለአንድ ሲዝን ጥቁር ሴፍቲ ጫማ ይሠራል፤ ሩጫ ላይ ይከብዳችኋል እንጂ ጣታችሁን ያድናል። ማስክና የደረት መከላከያ ግን በራሳችሁ ልክ ይገዙ። ያገለገለ ማስክ የምትገዙ ከሆነ ብረቱን በጣታችሁ ዳስሱት። ብየዳው ጋ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ተዉት። የተጣመመ ብረት ሁለተኛውን ምት እንደ መጀመሪያው አይችለውም።

ደረጃ በደረጃ

1. ከውስጥ ጀምሩ።

ካፑን ኪስ ባለው ጥብቅ ቁምጣ ውስጥ አድርጉ፤ ተራ የውስጥ ሱሪ አይዘውም። ከዚያ ቁጭ ብድግ በሉ። ከቦታው ከተንሸራተተ ቁምጣው ሰፍቷችኋል። የተንሸራተተ ካፕ ጠርዙ ራሱ ይጎዳል። ከቁምጣው በላይ ስስ ታይት ብትለብሱ ጥሩ ነው፤ የሺን ጋርዱ ማሰሪያ ከጉልበት ጀርባ ቆዳ እንዳይልጥ ይከላከላል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚመለከት ነገር አለ፤ አንገት ላይ ያለ ማተብና መስቀል። ክሩ ችግር የለውም። የብረት ወይም የእንጨት መስቀሉ ግን በደረት አጥንትና በደረት መከላከያው መሃል ይገባል። ኳስ ከላይ ሲያርፍ ያ ሁሉ ኃይል በመስቀሉ ጠርዝ በኩል ነው የሚገባው። ማተባችሁን ፍቱ አልልም። ጨዋታው እስኪያልቅ መስቀሉን ከክሩ አውጥታችሁ ቦርሳ ውስጥ አኑሩ። ሐብልም እንደዚሁ።

2. ካልሲና ሺን ጋርድ።

ረጅሙን ካልሲ እስከ ጉልበት ሳቡ። ከዚያ ሺን ጋርዱን ግራና ቀኙን ለዩ። መለያው ቀላል ነው፦ ዘለበቶቹ በእግራችሁ ውጪ በኩል መሆን አለባቸው። በውስጥ በኩል ከሆኑ ስትሮጡ የግራው ከቀኙ ጋር ይያያዛል። እኔ በመጀመሪያው ሲዝኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። መቺዋ አጭር ኳስ መትታ ወደ ፈርስት ቤዝ (መትታ የምትሮጥበት የመጀመሪያው ማዕዘን) መስመር ልከተል ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ሁለቱ ዘለበቶች ተጠላልፈው በግንባሬ ተደፋሁ። ማስኬን በእጄ ይዤ ስለነበር መዳፌ ከብረቱ ሥር ገብቶ ሳምንት ሙሉ የመኪና መሪ መጨበጥ አቃተኝ።

የጉልበቱን ቆብ ቆማችሁ አትለኩት። እንደምትዳኙበት ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ለኩት። ቆሞ ልክ የሆነ ሺን ጋርድ ስትጎነበሱ ከጉልበት በታች ይወርዳል። የታችኛውን ማሰሪያ ጠበቅ፣ ከጉልበት ጀርባ ያለውን ላላ አድርጉት። ሁሉንም እኩል ካጠበቃችሁ ሦስተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ላይ እግራችሁ ይደነዝዛል።

የካቸር ሺን ጋርድ አትግዙ። ግዙፍ ስለሆነ ሱሪ ውስጥ አይገባም፤ ስትራመዱም እርስ በርሱ ይፋጫል።

3. ሱሪና ጫማ።

ሱሪውን ከሺን ጋርዱ በላይ አጥልቁ፤ ቀበቶውን ግን ገና አትቆልፉ። ጫማውን አድርጉና የሺን ጋርዱ ታችኛው ምላስ በጫማው ማሰሪያ ላይ ተኝቶ መዋሉን እዩ። በዚያ ክፍተት የሚያርፍ ኳስ የእግር ጀርባ ላይ ያሉትን ቀጫጭን አጥንቶች ነው የሚያገኘው። ስኒከር አድርጋችሁ ፕሌት ላይ አትቁሙ።

4. የደረት መከላከያ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አዲስ ዕቃ ከካርቶኑ ወጥቶ እንዳለ ይለበስና ማሰሪያው ሳይስተካከል ሲዝኑ ያልቃል። ማሰሪያው ለማንም ልክ ሆኖ አይመጣም። ቤት ውስጥ ተረጋግታችሁ፣ ሰው አጠገባችሁ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

መጀመሪያ ከፍታውን። የላይኛው ጠርዝ ከትከሻ ወደ ጉሮሮ የሚመጡትን ሁለት አጥንቶች ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ስትጎነበሱ ደግሞ ከጉሮሮአችሁ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይራቅ። ብዙ ሰው የሚያወርደው አገጩን ስለሚነካው ነው። አገጭ መንካቱ ማሰሪያውን አስተካክሉ ማለት ነው እንጂ ዝቅ አድርጉት ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ጥብቀቱን። መከላከያው ሰውነታችሁ ላይ ተለጥፎ መቀመጥ አለበት። ከደረታችሁ የራቀ ከሆነ ኳሱ ሲያርፍ ጠንካራው ፕላስቲክ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ይወጋችኋል። ተለጥፎ ሲቀመጥ ግን ምቱን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይበትነዋል። ገንዘብ የከፈላችሁት ለዚህ ነው። በጣም አጥብቃችሁ ደግሞ እስትንፋስ አትከልክሉ። አየር እስከ መጨረሻው ስባችሁ «ስትራይክ!» ብላችሁ ጩኹ። ድምፁ ከተቆረጠባችሁ አንድ ጣት አላሉት።

ከዚያ ትከሻዎቹን። የትከሻው ክንፍ የክንዳችሁን መገጣጠሚያ መሸፈን አለበት። ቀኝ እጃችሁን ስታነሱ አንገታችሁ ላይ ከወጣ ግን ማሰሪያው በአንድ ወገን ስቧል ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ የእኔ ማሰሪያ ላልቶ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ነበር። አውቄዋለሁ፤ «በሚቀጥለው ጨዋታ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ገባሁ። አራተኛው ኢኒንግ ላይ ራይዝ ቦል መጣ። ካቸሯ ጓንቷን አነሳች፣ አልደረሰችበትም። ኳሱ በግራ በኩል ከመከላከያው ጠርዝ በላይ፣ አጥንቱ ላይ አረፈ። አልተሰበረም። ቦታው ግን በልዞ፣ ከጥቁር ወደ አረንጓዴ ከዚያም ወደ ቢጫ እየተቀየረ ሦስት ሳምንት ቆየ። በዚያ ሦስት ሳምንት የመኪና ቀበቶ ባሰርኩ ቁጥር ያን ማሰሪያ አስታውሰው ነበር። ለማስተካከል የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።

5. ሸሚዝ።

ሸሚዙን ከመከላከያው በላይ ልበሱና ሱሪው ውስጥ ክተቱት። አሁን ቀበቶውን ቆልፉ፤ የኳስ ከረጢቶቹንም ሰክኳቸው። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሸሚዝ ያልኩት ጠባብ ሸሚዝ መከላከያውን ወደ ላይ እየጎተተ ስለሚያነሳው ነው። ያን ጊዜ ታች ያለው ሆዳችሁ ይገለጣል።

6. ማስክና የጉሮሮ መከላከያ።

ማስኩን ስታጠልቁ አገጫችሁ በታችኛው ስፖንጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ላይኛው ስፖንጅ ግንባራችሁ ላይ ይረፍ። ዓይናችሁ በሰፊው ክፍተት መሃል ማየት አለበት። ብረት ዓይናችሁ ፊት ከተጋረደ ወይ ማስኩ ዝቅ ብሏል፣ ወይ ልካችሁ አይደለም።

ማሰሪያው ስንት ይጥበቅ? ራሳችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታዞሩ አብሮ መዞር አለበት። በአንድ እጅ ሳትታገሉ መውለቅም አለበት። ይህ ከሆነ በቂ ነው። ብዙ አዲስ ዳኛ እንደ ሞተር ሳይክል ሄልሜት ያጠብቀዋል። እንደዚያ ሲሆን ስፖንጁ አስቀድሞ ተጨምቆ ያልቃል፤ ምቱን የሚቀበልበት ውፍረት አይኖረውም። ትንሽ የሚንቀሳቀስ ማስክ ከጎን ሲመታ ዞር ብሎ ከምቱ ኃይል የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል። አውልቃችሁ ግንባራችሁ ላይ ቀይ መስመር ካያችሁ አላሉት።

ሄልሜት ወይስ ማስክ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ሄልሜት የራስን ጎንና አናት ይሸፍናል። አጥብቃ የምትመታ ልጅ ባቷን ዞራ ወደ ኋላ ስታመጣው የሚያገኘው ያንን ቦታ ነው። ይሞቃል፤ ለማውለቅም ይዘገያል። ቀደም ሲል ራሱን የተመታ ሰው ሄልሜት ቢለብስ ይሻለዋል እላለሁ። ሄልሜት ልክ የሚሆነው ግን ራስ ላይ በደንብ ሲቀመጥ ነው፤ ላላ ያለ ሄልሜት እንደ ላላ ማስክ አይደለም።

የጉሮሮ መከላከያውን አስራችሁ ስትጨርሱ የዳኛ አቋማችሁን ያዙና ሌላ ሰው ከፊት ጎንበስ ብሎ ይያችሁ። በማስኩ አገጭና በደረት መከላከያው መሃል ቆዳ ከታየው ክፍተት አለ። በመስታወት ብቻ አትተማመኑ፤ መስታወቱ የሚያሳያችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ነው። «ይሞቃል»፣ «ይንገጫገጫል» ብሎ የጉሮሮ መከላከያውን የሚፈታ ዳኛ አይቻለሁ። እባካችሁ አትፍቱት። ራይዝ ቦል የሚሄደው ወደዚያ ነው።

7. ኮፍያ፣ መነጽር፣ ፀጉር።

የኮፍያው ምላስ የማስኩን ብረት መንካት የለበትም። ከነካ ምቱ በምላሱ በኩል ቀጥታ ግንባር ላይ ይደርሳል። አጭር ምላስ የተሠራው ለዚህ ነው። መነጽር የምታደርጉ መስታወቱ የማይፈረከስ ፖሊካርቦኔት መሆኑን መነጽር ቤት ጠይቁ፤ ማስክ ስትመርጡም መነጽራችሁን አድርጋችሁ ለኩ። ሹሩባ ወይም ረጅም ፀጉር ያላችሁ እህቶች ፀጉራችሁን ከአንገት በላይ፣ ከማሰሪያው በታች ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። አናት ላይ የተጠቀለለ ፀጉር ማሰሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ማስኩም ከአገጭ ይነሳል።

8. አቋማችሁ የመከላከያው አካል ነው።

ከዕቃው ይልቅ እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ብታጠፉ ደስ ይለኛል። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ የሚሸፍነው የሰውነታችሁን ፊት ብቻ ነው። ጎናችሁ፣ ጀርባችሁ፣ የክንዳችሁ ውስጥ፣ ሄልሜት ካላደረጋችሁም ጆሮአችሁ ባዶ ነው። ስለዚህ ፊታችሁ ወደ ፒቸሯ መሆን አለበት፤ ኳሱ እስኪያልፍም እንደዚያው መቆየት አለበት።

ቦታችሁ በካቸሯና በመቺዋ መሃል ያለው ክፍተት ነው፤ ስሎት ይባላል። ለመቺዋ የቀረበውን እግራችሁን ወደፊት አስቀድሙ። የሌላው እግር ጣት ከፊተኛው ተረከዝ ጋር ይስተካከል። እግራችሁን ከትከሻችሁ ሰፋ አድርጉ። አገጫችሁ ከካቸሯ ሄልሜት አናት ጋር እኩል እስኪሆን ቁጭ በሉ። ከዚያ ዝቅ ካላችሁ ዝቅተኛውን ኳስ አታዩትም፤ ኳሱም ካቸሯን አልፎ ሲመጣ ጉሮሮአችሁ ጋ ነው። ቁጭ የምትሉት ፒቸሯ ክንዷን ማዞር ስትጀምር ነው። ኳሱ ከወጣ በኋላ ቁጭ ማለት ራስን እያንቀሳቀሱ ማየት ስለሆነ ብይኑም ይበላሻል።

እጃችሁን የት ታደርጋላችሁ? በመቺዋ በኩል ያለውን ክንድ አጥፋችሁ ሆዳችሁ ላይ፣ ቀበቶ አካባቢ አሳርፉ። ሌላኛው ከካቸሯ ጀርባ ይደበቅ። ጣቶች የታጠፉ ይሁኑ። ከጉልበት ውጪ የተንጠለጠለ እጅ ወይም ወደፊት የወጣ ክርን ለተፈናጠረ ኳስ የተጋለጠ ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ ምንም መከላከያ የለም። የካቸሯን ጀርባ በእጅ መደገፍም አትልመዱ፤ እሷም መንቀሳቀስ አለባት።

ካቸሯ ወደ መቺዋ ተጠግታ ክፍተቱን ከዘጋችባችሁ አትጋፏት። ትንሽ ከፍ በሉና ከራሷ በላይ አሻግራችሁ እዩ።

9. ኳሱ ሲመጣ ፊታችሁን አታዙሩ።

ማዞር ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ፊት ሲዞር ጆሮና የአንገት ጎን ይጋለጣል፤ ማስኩም የሚመታው በጎኑ ነው። ኳሱን በዓይናችሁ ብቻ ተከተሉ፤ ራስ አይነቃነቅ።

ይህ በማሰብ አይመጣም፤ በልምምድ ነው። ማስክና ሙሉ መከላከያ ለብሳችሁ ግቢ ውስጥ ቁሙ። ልጃችሁ ወይም ጓደኛችሁ ከአምስት ሜትር ላይ የቴኒስ ኳስ ቀስ አድርጎ ማስኩ ላይ ይወርውር። መጀመሪያ ትጨፍናላችሁ። ሃያ፣ ሠላሳ ሲሞላ ዓይናችሁ ኳሱ ብረቱን ሲነካ ማየት ይጀምራል። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ለአንድ ሳምንት በየምሽቱ አሥር ደቂቃ አድርጉት። እኔ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው።

10. ማስክ አወላለቅ።

ማስክ በግራ እጅ ነው የሚወልቀው። ቀኝ እጅ ለስትራይክና ለአውት (ተጫዋቿ ወጥታለች ለሚለው ብይን) ነጻ መሆን አለበት። መቁጠሪያው ግራ መዳፍ ውስጥ እንዳለ የማስኩን ግራ ታችኛ ብረት ያዙ። መጀመሪያ ከአገጭ ወደፊት አውጡት፣ ከዚያ ወደ ላይ። በቀጥታ ወደ ላይ ከሳባችሁት ኮፍያውን ይዞት ይሄዳል፤ ለአንድ አፍታም ዓይናችሁን ይጋርዳል። ኳሱ ገና እዚያው አካባቢ እየተወረወረ ከሆነ ለማውለቅ አትቸኩሉ።

በጨዋታ መሃል ስትመቱ

ጥሩ ልማድ አለ። ዳኛ ሲመታ ካቸሯ ፒቸሯን ልታናግር ትሄዳለች፤ ካቸሯ ስትመታ ዳኛው ፕሌቱን በብሩሽ ይጠርጋል። ትንፋሽ መግዣ ነው፤ ተጠቀሙበት። ማስኩን አውልቁ፣ ብረቱ መጣመሙንና ስፖንጁ ከቦታው መንቀሳቀሱን እዩ፣ የጉሮሮ መከላከያው ቋጠሮ እንዳልተፈታ ዳስሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስኩ ላይ ከተመታችሁ በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዥ ማለት፣ ብርሃን መረበሽ ከመጣ፣ ወይም ውጤቱን ማስታወስ ካቃታችሁ ጨዋታው ለእናንተ አልቋል። የቤዝ ዳኛው ይቀጥል፤ እናንተ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መኪና ራሳችሁ አትንዱ። «ወንድ ልጅ አይደለሁ እንዴ» የሚባልበት ቦታ አይደለም። ጭንቅላት ሳይድን ሁለተኛ ቢመታ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረት ላይ የሚያርፍ ምት በጣም አልፎ አልፎ የልብን ምት ሊያቋርጥ ይችላል። የትኛውም መከላከያ ይህን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ተጫዋችም ሆነ ዳኛ ደረቱን ተመትቶ ከወደቀና ካልነቃ ወዲያው 911 ይደወል፣ ደረቱን መጫን ይጀመር፣ ኤኢዲ (ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰው) ማሽኑ ይምጣ። ሜዳ ስትደርሱ ማሽኑ የት እንዳለ አሠልጣኞቹን ጠይቁ።

ሙቀት

ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ የአየሩ እርጥበት ሲጨመርበት ይታፈናል። በዚያ ላይ ስፖንጅና ፕላስቲክ ለብሳችሁ በቀን አራት ጨዋታ ልትዳኙ ትችላላችሁ። ውኃ መጠጣት ከዋዜማው ጀምሩ። በየኢኒንጉ መሃል ማስኩን አውልቁ። በሁለት ጨዋታ መሃል የደረት መከላከያውን አውጥታችሁ የውስጥ ሸሚዝ ቀይሩ። ላባችሁ ከቆመ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁ ወይም ከዞረባችሁ ጥላ ውስጥ ገብታችሁ ሰው ጥሩ።

በፍልሰታ ወይም በረመዳን የምትጾሙ ደግሞ ጨዋታ መዳቢያችሁን ቀድማችሁ አናግሩ። ውኃ ሳይጠጡ ሙሉ መከላከያ ለብሶ ፕሌት ላይ መቆም አደጋ ነው። በእነዚያ ቀናት የምሽት ጨዋታ ጠይቁ። እኔ እስካሁን ጠይቄ የተከለከልኩበት ጊዜ የለም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መከላከያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ መሞከር። ከላይ ያልኩትን ልኬት ሁሉ ቤት ጨርሱት፤ ፓርኪንግ ውስጥ በጥድፊያ የታሰረ ማሰሪያ ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ ይፈታል።

ማሟሟቂያውን መናቅ። በኢኒንግ መጀመሪያ ፒቸሯ ስታሟሙቅ ማስክ ሳታደርጉ ከፕሌት ጀርባ አትቁሙ። ዞር ብላችሁ ከመስመሩ ውጪ ቁሙ። በዚያን ጊዜ ማንም ልብ ብሎ አይጠብቃችሁም።

የተሳሳተ ቁጥር መልበስ። የወንድሜ ነው፣ የጎረቤቴ ነው ተብሎ የመጣ ሰፊ የደረት መከላከያ ስትጎነበሱ ወደፊት ይንጠለጠላል።

ሁሉንም ዕቃ እርጥብ እንዳለ ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ትራንክ ውስጥ መተው። ሽታው ብቻ አይደለም ችግሩ። ሻጋታ ቆዳ ያሳክካል፣ የመኪና ሙቀትም ስፖንጁን ያደርቀዋል፣ የማሰሪያውንም ላስቲክ ያላላዋል።

ከጨዋታ በኋላ

ቤት እንደገባችሁ ቦርሳውን ክፈቱና ሁሉንም ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚነካው ቦታ ስቀሉ። የማስኩን ስፖንጅ አውጥታችሁ በለብታ ውኃና በትንሽ ሳሙና በእጅ እጠቡት። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አታስገቡት፤ ይጨማደዳል። ስፖንጁን በጣት ጫን ስትሉት ካልተመለሰ ይቀየር። ከማስኩ ተለይቶ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከአዲስ ማስክ በጣም ያነሰ ነው። የሺን ጋርድና የደረት ማሰሪያ ላስቲክም ለብቻው ይገኛል። አንድ ትርፍ ዘለበትና አንድ የጫማ ክር ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። የጉሮሮ መከላከያው ማሰሪያ በጨዋታ መሃል ሲበጠስ የጫማ ክሩ እስከ መጨረሻው ኢኒንግ ያደርሳችኋል።